የዶሮዋ ቦርሳና የጥቅስ ቍጥር

የአንድ መርማሪ ሊቅ ሥራ በምን ይመዘናል? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። የትምህርት ሥራ ኃላፊ መምህራንን ለማዕርግ ዕድገት ሲመርጥ፥ የሆስፒታል አስተዳዳሪ ሐኪም ሲቀጥር፥ ለምርምር የተመደበ ገንዘብ የሚያከፋፍል ባለሥልጣንም አመልካቾችን ሲያወዳድር፥ ይህ ጥያቄ በየተራው ከጠረጴዛቸው ላይ ይቀርብላቸዋል። ከማመልከቻው ጋር የአመልካቹ የታተሙ ጽሑፎች ዝርዝር ተያይዞ ይመጣል፤ ከዝርዝሩም ጋር አንድ ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ቍጥሩ የሚያመለክተው ሌሎች ሊቃውንት በየድርሰታቸው የዚህን ሰው ሥራ ስንት ጊዜ በማስረጃነት እንደ ጠቀሱት ነው። ባለሥልጣኑ የሰውየውን ሙያ ስለማያውቀው ጽሑፉን አንብቦ ሊፈርድ አይችልም፤ ስለዚህ ቍጥሩን ያምናል። እኛም በዚህ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ቍጥሩ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብለን እናስባለን።

ስለዚህም በዛሬው ገጻችን የአንድ መርማሪን ጽሑፍ ታሪክ ለአንባቢያን እናቀርባለን። ሰውየው ዶክተር ብሩስ ግሊክ የተባሉ አሜሪካዊ የዶሮ እርባታ ሊቅ ነበሩ። የደረሱበት ነገር ግን ሰውነት ከበሽታ ራሱን የሚከላከልበትን ኃይል ከሚመረምረው፥ በፈረንጅ አፍ «ኢሙኖሎጂ» ከሚባለው ዕውቀት ውስጥ የሚገባ ነው። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

አስቀድመን ስለ መዝገቡ ጥቂት እንበል። ጥቅስን በመዝገብ መያዝ በሳይንስ ሰዎች ዘንድ ከመለመዱ አስቀድሞ በሕግ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ከ1873 ጀምሮ፥ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የትኞቹ ፍርዶች እንደ ጠቀሱት የሚያሳይ መዝገብ ለጠበቆች ማቅረብ ጀመረ። ጠበቃውም መዝገቡን ገልጦ ውሳኔው ጸንቶ እንደ ሆነ ወይም ተሽሮ እንደ ሆነ ይረዳ ነበር። ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ ሊቅ ይህንኑ ዘዴ አይተው፥ ለሳይንስም እንዲህ ያለ መዝገብ ሊሠራለት ይገባል ሲሉ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ሐሳባቸውን ገለጹ። በፊላደልፊያ ከተማ ባቋቋሙትም ድርጅት መዝገቡ ተዘጋጅቶ በ1964 ለገበያ ቀረበ።

በአገራችን ሽማግሌዎች ዘር ሲቈጥሩ ከልጅ ወደ አባት፥ ከአባት ወደ አያት ይወጣሉ። የጋርፊልድ መዝገብ ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል፤ አንድ የቆየ ጽሑፍ ይዞ የተነሣ ሰው ከዚያ የተወለዱትን ጽሑፎች ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ሊከተል ይችላል። ይህም የሐሳብን ዘር ለመቍጠር እጅግ የሚጠቅም መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የታሰበውም ለዚሁ፥ ማለት ጽሑፍን ፈልጎ ለማግኘት ነበር፤ ሰውን ከሰው ለማበላለጥ በሰፊው የዋለው በኋላ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። መዝገቡ መጀመሪያ ሲወጣ የያዘው በ1961 የታተሙ ጽሑፎች የጠቀሱትን ነበር፤ ከዚያ በፊት የተጠቀሰው እየታከለ የተመዘገበው ቆይቶ ነው። ደግሞም አንድ ጽሑፍ ሦስት ደራሲዎች ቢኖሩት፥ ተጠቃሹ ጽሑፍ የሚገባው በመጀመሪያው ደራሲ ስም ብቻ ነበር። የእነዚህን የሁለቱን ጥቅም ወደ ታች እናየዋለን።

አሁን ወደ ዶሮዋ እንመለስ። በዶሮ ጅራት ሥር፥ ከመውጫው በላይ አንዲት ትንሽ ከረጢት ትገኛለች። ዶሮ ስትበልት የኖረች ባለሙያ እመቤት ሁሉ አይታት ይሆናል ብለን አናስብም፤ ከረጢቲቱ በጫጩትነት ጊዜ ካደገች በኋላ ዶሮዋ ለአካለ መጠን ስትደርስ እየሟሸሸች ትጠፋለችና፥ ለወጥ ከሚታረደው አውራ ዶሮ ዘንድ አትገኝም። ይህችን ከረጢት በሰፊው ያስታወቁት በኢጣሊያ አገር በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የአካል ትምህርት መምህር የነበሩት ፋብሪሲዩስ ናቸው። ስለ እንቍላልና ስለ ጫጩት አፈጣጠር የጻፉት መጽሐፍ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1621 ታተመ፤ ከረጢቲቱም በስማቸው «የፋብሪሲዩስ ቡርሳ» ተባለች። ፋብሪሲዩስ የአውራውን ዘር ለማስቀመጫ የተሠራች መስሏቸው ነበር። ይህ ግምት እንደማያስኬድ በኋላ ቢታወቅም፥ ጥቅሟ በእርግጥ ምን እንደ ሆነ ከ300 ዓመታት በላይ ሳይታወቅ ኖረ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብሩስ ግሊክ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶሮ እርባታ ተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን መምህራቸው ይህችን ከረጢት ከአንዲት ዝይ ላይ አውጥተው ሲያሳዩ፥ ግሊክ ሥራዋ ምንድር ነው ብለው ጠየቁ። መምህሩም ጥያቄው መልካም መሆኑን ተናግረው መልሱን ራሱ ጠያቂው ፈልጎ እንዲያገኝ አዘዙ። መምህሩ የማያውቁትን እናውቃለን ባለማለታቸው እኛ እናመሰግናቸዋለን።

ግሊክ የከረጢቲቱን ዕድገት በየዕድሜው ሲለኩ፥ እጅግ ፈጥና የምታድገው ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት መሆኑን ተረዱ። ስለዚህም ጫጩቶቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ከረጢቲቱን በቀዶ ጥገና እያወጡ፥ ምን እንደሚጐድልባቸው ይጠባበቁ ጀመር። ዶሮዎቹ በሉ፤ አደጉ፤ የጐደለባቸው ነገር አልታየም። እንዲህ ያለ ምርምር ብዙ ጊዜ በዚሁ ያበቃል፤ መርማሪውም ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ጐድሎ የነበረውን ነገር ያሳየው የባልንጀራ ብድር ነው። ቻንግ የተባሉ የትምህርት ጓደኛቸው ተማሪዎችን የሚያስተምሩበት ሰዓት ነበራቸው። ትምህርቱም ሰውነት በሽታ አምጪ ተሐዋስያን ሲገቡበት በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን መከላከያ እንዴት እንደሚያበጅ በዓይን ለማሳየት ነው። ለዚህ ዶሮ ቢያጡ ከግሊክ መንጋ ተበደሩ። ሳልሞኔላ ከተባለው ተሐዋስ የተዘጋጀውን መርፌ ወጉአቸው፤ ቀኑ ሲደርስ ደማቸውን መረመሩ። ትምህርቱ ከሸፈ፤ መከላከያው ሊገኝባቸው ከሚገባቸው ዶሮዎች ከፊሎቹ ምንም አልተገኘባቸውም። የትኞቹ እንደ ሆኑ ሲጣራ፥ በጫጩትነታቸው ከረጢቲቱ የወጣችባቸው ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የከሸፈ ትምህርት የሚገጥመው መምህር ብዙ ጊዜ መርፌው ተበላሽቷል ይላል፤ ዶሮዎቹንም ይመልሳል። ቻንግና ግሊክ ግን ነገሩን ይዘው፥ ብዙ ዶሮዎች ጨምረው ፈተናውን ደገሙት። ውጤቱም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ግሊክ፥ ቻንግና ጃፕ የተባሉ መምህር በሦስቱ ስም ጽሑፉን አዘጋጅተው «ሳይንስ» ለተባለው ታላቅ መጽሔት ላኩ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው ጋርፊልድም የመዝገቡን ሐሳብ ያሳተሙት በዚሁ መጽሔት ነው። መጽሔቱ ጽሑፉን ሳይቀበል መለሰው። ጽሑፉ ከተመለሰ በኋላ በ1956 «ፖልትሪ ሳይንስ» በተባለው የዶሮ አርቢዎች መጽሔት ላይ ታተመ። ርዝመቱ ከገጽ 224 እስከ ገጽ 225፥ ሁለት ገጽ ብቻ ነው።

ስለ ዶሮ መኖ፥ ስለ እንቍላል ብዛትና ስለ ጫጩት መፈልፈያ ሙቀት በሚነገርበት መጽሔት ላይ የሰው ሐኪም ምን ብሎ ይፈልገዋል? የዶሮ ሊቃውንት ስለ ፀረ እንግዳ አካል ብዙም አይገዳቸውም፤ የፀረ እንግዳ አካል ሊቃውንትም የዶሮ መጽሔት አያነቡም። እንሆ ጽሑፉ በሁለት ቤት መካከል እንደ ቀረ እንግዳ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ማለት በ1957 ወይም በ1958 ግሊክ ሥራ ፈላጊ ሆነው ፋይላቸው ከእኛ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ቢሆን፥ የጥቅሱ ቍጥር ምን ይነግረን ነበር? ከቶ ምንም አይነግረንም ነበር ለማለት እንደፍራለን። ዛሬ መጽሔቶች የሚመዘኑበት «ኢምፓክት ፋክተር» የተባለው ስሌት፥ አንድ መጽሔት ባለፉት 2 ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሱ ይቈጥራል። ከ2 ዓመት በኋላ የሚነቃ ጽሑፍ ለዚህ ስሌት እንደ ሌለ ነው።

ጽሑፉን ግን ያነበቡት ነበሩ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሙለር፥ ዎልፍና ማየር ነገሩን በራሳቸው ዶሮዎች ፈትነው እውነት መሆኑን በ1960 አሳተሙ። ከቢላዋ ሌላም መንገድ አሳዩ፤ ይኸውም እንቍላሉ ገና በመፈልፈያ ውስጥ ሳለ የወንድነት ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ሲሰጠው ከረጢቲቱ ከመጀመሪያውም ሳታድግ ትቀራለች። በ1962 በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ዋርነርና ሴንበርግ ከታላቁ ሊቅ ከበርኔት ጋር ምርመራውን ወደ ፊት ገፉት። ጽሑፉ ከዶሮ ቤት ወደ ሕክምና ቤት የተሻገረው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

በዚሁ ሰሞን ደግሞ ዣክ ሚለር የተባሉ ወጣት ሐኪም በ1961 ከለንደን ሌላ ወሬ አሰሙ። በደረት ውስጥ ከልብ በላይ የምትገኘውን ታይመስ የተባለች ዕጢ ከተወለዱ ጥቂት ሰዓት ከሆናቸው አይጦች ላይ ሲያወጡ፥ አይጦቹ የባዕድ ቆዳ ቢለጠፍባቸው አውቀው ሊጥሉት ተሳናቸው። እስከዚያ ድረስ ይህች ዕጢ የረባ ሥራ የላትም ተብሎ ይታመን ነበር። እንግዲህ የማይጠቅሙ የመሰሉ ሁለት የአካል ክፍሎች፥ አንዲቱ በዶሮ ጅራት ሥር፥ ሁለተኛይቱ በደረት ውስጥ፥ የመከላከያ ኃይል ምንጮች ሆነው ተገኙ። የሁለቱ ሥራ አንድ ነው ወይስ ልዩ ልዩ?

ይህን የፈቱት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪሞች የነበሩት ማክስ ኩፐርና ሮበርት ጉድ ናቸው። የሕፃናት ሐኪሞች ወደ ዶሮ የሄዱበት ምክንያት ነበራቸው። በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባሉ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም፥ ደጋግሞ በጽኑ የሚታመም የ8 ዓመት ልጅ መርምረው በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚገኝበት ክፍል ፈጽሞ እንደ ሌለ አስታውቀው ነበር። ልጁ የጐደለውን በመርፌ ሲሰጡት ተሻለው። እንዲህ ያሉ ሕፃናት የጐደለባቸው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ኩፐርና ጉድ አሁን የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ወሰዱ። ከፊሎቹን ከረጢቲቱን፥ ከፊሎቹን ታይመስን አወጡባቸው፤ አስቀድሞ ወደ ሰውነት የተበተኑትንም ሕዋሳት በራጅ ጨረር አጠፉ። ከረጢቲቱ የሌለቻቸው ፀረ እንግዳ አካል ማበጀት አቃታቸው፤ ባዕድ ቆዳን መጣል ግን አላቃታቸውም። ታይመስ የሌላቸው ዋናው ጕድለታቸው በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ ሆነ። ኩፐር፥ ፒተርሰንና ጉድ ይህን በ1965 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። የሰውነት ጠባቂ ጭፍራ አንድ ወገን ሳይሆን ሁለት ወገን መሆኑ ታወቀ።

በ1969 በእንግሊዝ አገር «ላንሴት» በተባለው መጽሔት ላይ ሮይት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ለእነዚህ ለሁለቱ ወገኖች አጭር ስም አቀረቡ። ከታይመስ የሚወጣው «ቲ ሕዋስ»፥ እንደ ቡርሳዋ ወገን የሆነው «ቢ ሕዋስ» ይባል አሉ። ቡርሳ በላቲን ከረጢት ማለት ነው፤ ቃሉ በኢጣሊያ ቋንቋ ቦርሳ ሆኖ ወደ እኛም አገር ገብቶ ገንዘባችንን የምንይዝበት ዕቃ ስም ሆኗል። ስለዚህ አማርኛ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሕዋስ ስም ለማስታወስ አይቸገርም። ሰው ግን ይህች ቦርሳ የለችውም። የእርሱ ቢ ሕዋስ የሚፈጠረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ መሆኑ በ1970ዎቹ ተረጋገጠ፤ የመቅኔም ስም በእንግሊዝኛ በዚያው ፊደል ስለሚጀምር ስሙን መለወጥ አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ ጥቅሱ ጐረፈ። በሁለት ገጽ የተጻፈው ጽሑፍ ዛሬ «ፖልትሪ ሳይንስ» ካወጣቸው ሁሉ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። እንደዚህ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ኖሮ በኋላ ለሚነቃ ጽሑፍ ሆላንዳዊው ቫን ራን በ2004 «ተኝታ የቆየች ቆንጆ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙ ያምራል፤ ነገር ግን ጽሑፉን ትተው ያለፉትን አንባቢዎች ሳይሆን ጽሑፉን እንቅልፋም የሚያደርግ ስለ ሆነ ትንሽ ያደላ ይመስለናል።

አሁን ከላይ ወዳቈየናቸው ሁለት ነገሮች እንምጣ። ጽሑፉ በ1956 ስለ ታተመ፥ መዝገቡም ከ1961 ስለ ጀመረ፥ በጨለማው ጊዜ ነገሩን አንሥተው ያጸኑት የዊስኮንሲን ሰዎች የጠቀሱት በመጀመሪያው መዝገብ አይገኝም። ምስጋናው ይበልጥ የሚገባቸው ግን ማንም ሳያየው ያዩት ነበሩ። ሁለተኛም መዝገቡ የመጀመሪያውን ደራሲ ብቻ ስለሚይዝ፥ ጥቅሱ ሁሉ በግሊክ ስም ተመዘገበ። ጥያቄው የግሊክ እንደ ነበረ አንክድም። ዶሮዎቹን ተበድረው የወጉት፥ የትምህርቱም መክሸፍ የደረሰባቸው ቻንግ ግን በቍጥሩ ውስጥ አልታዩም። በዛሬው የኮምፒዩተር መዝገብ ይህ ጕድለት ታርሟል።

በ2005 ኾርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ የሰውን ሥራ ሁሉ በአንድ ቍጥር የሚገልጽ ስሌት አወጡ። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት ቍጥሩ 10 ነው። ዘዴው ቀላል ስለ ሆነ ወዲያው ተስፋፋ። ነገር ግን በሕይወቱ አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ በ1,000 ድርሰቶች የተጠቀሰለት ሰው በዚህ ስሌት ቍጥሩ 1 ነው። በተቃራኒው ኦሊቨር ላውሪና ጓደኞቻቸው በ1951 ፕሮቲንን ለመለካት የሚያገለግል ዘዴ አሳትመው ነበር፤ ይህ ጽሑፍ በ2014 በተደረገ ቈጠራ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ ከዓለም አንደኛ ሆኖ ተገኝቷል። ጽሑፉ ጠቃሚ ነው፤ የሚጠቀስበት ምክንያት ግን ጨርቅ የሚለካ ሁሉ ሜትር እንደሚይዝ ያለ ነው። ከዓለም ታላቁ ግኝት ነው የሚል የለም።

የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም መምህራንን ለማዕርግ ሲያቀርቡ የታተሙ ጽሑፎችን ይቈጥራሉ። መቍጠሩ ከወገንተኛነት ይጠብቃል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ የሳይንስ መጽሔት አዘጋጆችና አሳታሚዎች፥ አንድን ሰው በታተመበት መጽሔት ቍጥር መመዘን እንዲቀርና ጽሑፉ ራሱ እንዲነበብ የሚጠይቅ መግለጫ አውጥተዋል፤ ብዙ ተቋማትም ፈርመውበታል። እኛም ለባለሥልጣኑ የምንሰጠው ምክር ይህንኑ የመሰለ ነው። ከፋይሉ ላይ ቍጥሩን ካዩ በኋላ፥ የሙያውን አዋቂ ጠርተው ከዝርዝሩ ውስጥ አንዲቱን ጽሑፍ ብቻ እንዲያነብላቸው ቢያዝዙ፥ ማን ጥያቄውን እንደ ጠየቀና ማን መልሱን እንዳየ ይረዳሉ። ሁለት ገጽ ለማንበብ ከአንድ ስኒ ቡና የረዘመ ጊዜ አይፈጅም።

ግሊክ በሚሲሲፒ ስቴት፥ በኋላም በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና ይህችኑ ከረጢት ሲመረምሩ ኖሩ። በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ቢ ሕዋስ ነቀርሳ ሲሆን ያንኑ ለይቶ የሚያጠፋ ነው። በ2019 ላስከር የተባለው ታላቅ የሕክምና ሽልማት የሁለቱን ወገን ሕዋሳት ለለዩት ለኩፐርና ለሚለር ተሰጠ።

ከጥቅስ መዝገብ ውጭ የሆነ አንድ ሌላ ነገርም አለ። በአሜሪካ በዴላዌር ግዛት ጉምቦሮ በተባለች ስፍራ በ1957 አንድ የጫጩት በሽታ ተነሣ፤ በ1962ም በጽሑፍ ተገለጸ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚያጠቃው ያችኑ የፋብሪሲዩስን ቦርሳ ነው። ከበሽታው የተረፈ ጫጩት ቦርሳው ስለሚጐዳ ለፈንግል የተሰጠውን ክትባት ሰውነቱ በሚገባ አይቀበለውም፤ አርቢውም ክትባቱን ከፍሎ ገዝቶ መንጋው በፈንግል ሲያልቅ መድኃኒቱን ይወቅሳል። ስለ ጉምቦሮ በቢሾፍቱ አካባቢ የተደረገ ጥናት በ2005 ታትሟል፤ የጉምቦሮም ክትባት በዚያው በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይዘጋጃል። ጫጩት የሚያሳድጉ አንባቢያን ክትባቱን በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፥ የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዝዘው ቀን፥ ክሎሪን ባልገባበት ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በጥብጠው ያጠጡአቸዋል።